«ስንት ወለድሽ?» ብላችሁ ጀምሩ፦ ያላደገችውን እህቴን እንዴት እንደፈለግኳት

ስሜ ማስረሻ ነው። ትርጉሙን አስቤበት አላውቅም ነበር። ስም ነው በቃ። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ «ለመሆኑ ማንን ልታስረሳ ነው የተወለድከው?» ብሎ ቀለደብኝ። ማታ ቤት ገብቼ ያንኑ ለእናቴ ደገምኩላት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «እህትህን ነዋ» አለች።

ያኔ 38 ዓመቴ ነበር። ታላቅ እህት እንደነበረችኝ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው።

የአዋቂ ሰው ታሪክ ብዙ ቦታ ተጽፎ ይገኛል። ተምሯል፣ ተቀጥሯል፣ ደሞዝ ፈርሟል፣ አግብቷል፣ ተካሷል። የአንድ ዓመት ከአምስት ወር ልጅ ግን የትም አልፈረመችም። ስለዚህ አፈላለጉ ለየት ይላል። እኔ አራት ዓመት ገደማ ፈጅቶብኛል፤ አብዛኛው ጊዜ የባከነው በተሳሳተ ቦታ በመፈለግ ነው። እናንተ እንዳትደክሙ የሠራልኝንና ያልሠራልኝን ልንገራችሁ። የእህቴን ስም አልጽፍም፤ እናቴ አልወደደችውም። ሚሚ እንበላት።

መጀመሪያ ስለ መንግሥት መዝገብ እውነቱን እንነጋገር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደትና ሞት እንዲመዘገብ ደንግጎ ነበር። ግን እዚያው ሕግ መጨረሻ ላይ፣ አንቀጽ 3361፣ ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ ምዝገባው ይቆይ ይላል። ቆየ። አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ነው። ምዝገባው በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ለሞተ ሕፃን የሞት ምስክር ወረቀት ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ አትንከራተቱ። ፍለጋው የሚጀምረው ቤት ነው።

እናቶችን «ስንት ልጅ አለሽ?» ብትሏቸው ያሉትን ይቆጥሩላችኋል። «ስንት ወለድሽ?» በሏቸው። «ሰባት ወልጄ አራት አደጉልኝ» የሚል መልስ ሰምታችሁ ይሆናል። የምትፈልጉት እዚያ መሀል የቀሩትን ሦስቱን ነው። ብዙዎቹ «ሞተብኝ» አይሉም፤ «አላደገልኝም» ነው የሚሉት። ይህን ቃል ስትሰሙ ጆሯችሁን አቁሙ።

ደብተር ዘርግታችሁ ፊት ለፊት አትቀመጡ። መርማሪ ትመስላላችሁ። ቡና ላይ ይሻላል፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። የኔ እናት አቦል ላይ ምንም አላለችም። ቶና ላይ «ቀይ ነበረች» አለች። በረካው ሳይቀዳ የጥርሷን ብዛት ነገረችኝ። ስምንት።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። ማንም እንደዚያ አያስታውስም፤ ግፊት ሲበዛበት ደግሞ እናንተን ለማስደሰት አንድ ቁጥር ይወረውራል። ይልቅ፦ ጾም ነበር? የየትኛው በዓል ሰሞን ነው? ይዘንብ ነበር? ያኔ የት ነበር የተከራያችሁት? አራስ ቤት ማን ጠየቀሽ? የሰማችሁትን እንዳለ ጻፉት፣ አታርሙት። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ከተናገረ ሁለቱንም ጻፉ። ለምን እንዲህ እንደምል ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

የማትናገር እናት ብትገጥማችሁ የቤቱን ስሞች እዩ። ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካ፣ ካሣ፣ ካሣነሽ፣ ማስረሻ። ሁሌ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ከሐዘን በኋላ የሚወጡ ስሞች ናቸው። የዕድሜ ክፍተትም ይናገራል። በየሁለት ዓመቱ በሚወለድበት ቤት መሀል ላይ አምስት ዓመት ባዶ ከሆነ፣ እዚያ ላይ በቀስታ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው። ሚሚ የሞተችበትን ቀን እናቴ በእርግጠኝነት ታውቀዋለች። «የመጋቢት መድኃኔዓለም ለታ» አለችኝ። መጋቢት 27 ማለት ነው። ዓመቱ ግን ጠፍቷታል። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ጋ ደወልኩ። ያኔ 12 ዓመቷ ነበር፣ አብራቸው ነበር የምትኖረው። «ኧረ ቅዳሜ ሹር ነው! ቄጠማው ራሴ ላይ እንደታሰረ ነው የቀበርናት» አለች። ይህን ለእናቴ ስነግራት ተቆጣች። «እሷ ያኔ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» ብላ ዘጋችው። እኔም እናት ታውቃለች ብዬ የአክስቴን ቃል ሰረዝኩት። ትልቁ ስሕተቴ ይሄ ነው።

ከብዙ ወራት በኋላ እናቴ በሌላ ጨዋታ መሀል «ዘመነ ዮሐንስ ነበር» አለች። የድሮ ሰው ዓመቱን በቁጥር ይረሳዋል እንጂ በወንጌላዊ አይረሳውም። አሠራሩ ቀላል ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉት። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። እኔ የተወለድኩት በ1974 ነው። እናትና አባቴ የተጋቡት በ1969። በሁለቱ መሀል ያለው ዘመነ ዮሐንስ አንድ ብቻ ነው፦ 1972።

ከዚያ የ1972ን በዓላት አወጣሁ። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መሪጌታ ካገኛችሁ በአፉ ይነግራችኋል፤ እኔ ግን ተምሬው ራሴ ወረቀት ላይ አሰላሁት። በ1972 ፋሲካ የዋለው መጋቢት 28 ነው። እሑድ። እንግዲህ ቅዳሜ ሹር መጋቢት 27 ነበር። የመጋቢት መድኃኔዓለምና ቅዳሜ ሹር በአንድ ቀን ውለዋል።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ያውም የተጣሉበት ነገር ዓመቱን አረጋገጠልኝ፤ በ60ዎቹና በ70ዎቹ ፋሲካ መጋቢት 28 የዋለው በዚያ ዓመት ብቻ ነው። በፈረንጅ አፕሪል 5 ቀን 1980 መሆኑ ነው።

ከዚህ የተነሣ አንድ ያላሰብኩት ነገር ተፈታ። እናቴ ሁልጊዜ «ልጄ ያለ ፍትሐት ተቀበረች» ትላለች። አባቴ ገንዘብ አጥሮት ይመስላት ነበር፤ እሱ ደግሞ ሳያስረዳት ሞተ። ቀኑን ይዤ ለአንድ አባት ነገርኳቸው። «ልጄ፣ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም» አሉኝ። በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ይደረጋል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናት፤ ይህንን ታውቀዋለች። ብቻ ቅዳሜ ሹር መሆኑን ረስታው ነበር። ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ ነጠላዋን አስተካክላ «አባትህን በከንቱ» አለችና አልጨረሰችውም።

የልደቷ ቀን በሌላ መንገድ ነው የተገኘው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ፣ ወንድ በ40 ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሣው። ስለዚህ የክርስትናው ቀን ከተገኘ ልደቱ ተገኘ ማለት ነው። እናቴ የምታስታውሰው «ከክርስትና ስንመለስ የሚካኤል ታቦት እየገባ፣ መንገድ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ ቆምን» የሚል ነው። ከጥምቀት በኋላ የሚካኤል ታቦት የሚገባው ጥር 12 ነው። በኛ ወራት ወደ ኋላ መቁጠር ደስ ይላል፤ ሁሉም ሠላሳ ሠላሳ ነው። ከጥር 12 ስድሳ ቀን ወደ ኋላ ኅዳር 12። ሃያ ቀን ሲጨመር ጥቅምት 22። በእርግጥ ልጁ ከታመመ ቀኑ ሳይደርስ ሊጠመቅ ይችላል፣ ቤተሰቡ ካልተዘጋጀም ይዘገያል። ስለዚህ ይህ ቁጥር ግምት ነው፣ ሌላ ምስክር ይፈልጋል።

ምስክሩ እናቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከጋብቻ ወረቀቷ ጋር ታጥፎ ተገኘ። ትንሽ የሐኪም ቤት ካርድ ናት፤ ጠርዟ በልቷል፣ መሀሏ ላይ የሻይ ይሁን የመድኃኒት ክብ አለ። የልደት ቀን በሚለው ቦታ 1/11/78 ይላል። ታናሽ ወንድሜ ቀደም ብሎ አይቷት ነበር። «ሐምሌ 1 ቀን 1978 ይላል፣ የሷ አይደለችም» ብሎ መልሶ አስቀምጧታል። አይፈረድበትም። በኛ አቆጣጠር 11ኛው ወር ሐምሌ ነው። ግን ካርዱ የተሞላው በፈረንጅ ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 1978። ሲገለበጥ ጥቅምት 22 ቀን 1971።

እናቴ በታቦት የነገረችኝና ሐኪሙ በፈረንጅ የጻፈው አንድ ቀን ላይ ተገናኙ። ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ጮህኩ መሰለኝ።

ስለ ቀን ግልበጣ ይህን ያዙ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የፈረንጁ ዓመት በ7 ይበልጣል፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን በ8። ጳጉሜን 6 ስትሆን የሚቀጥለው መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። ሰዓትም ያሳስታል። ካርድ ላይ ሌሊት 1 ሰዓት ከተባለ የፈረንጅ 1 ሊሆን ይችላል፣ ማለትም የኛ ሌሊት 7። ወር በቁጥር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ካገኛችሁ በሁለቱም አቆጣጠር ሞክሩት።

ካርዷ ላይ ቁጥር ስላለ ወደ ሐኪም ቤቱ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ካርድ ክፍል ያለው ሰው ቁጥሩን ሳያይ «የዚያን ጊዜ ፋይል ተወግዷል» አለኝ። በማግስቱ ሌላ ሰው «ምድር ቤት ሊኖር ይችላል፣ ደብዳቤ አጽፈህ ና» አለኝ። አጻፍኩ። መልስ የለም። እናንተ ሞክሩ፣ ዕድል ሊቀናችሁ ይችላል፤ ግን ቁጥር ሳትይዙ አትሂዱ።

ከልጁ ይልቅ የእናትየዋን ወረቀቶች ፈልጉ። ይህን ማንም አይነግራችሁም። እኔን ስታረግዝ የተሰጣት የክትትል ካርድ ላይ ከዚህ በፊት የወለደችው 1፣ በሕይወት ያለ 0 የሚል ተጽፎበታል። ግራቪዳ፣ ፓራ የሚሉ ቃላት ካያችሁ የመጀመሪያው የእርግዝናዎች ብዛት፣ ሁለተኛው የወሊዶች ብዛት ነው። ያቺ ዜሮ ከሁሉም ወረቀት በላይ ነው ሆዴን የበላችው።

የሞቷን ምክንያት በተመለከተ እናቴ ኩፍኝ ትላለች። አክስቴ ምች ነው ትላለች። ሁለቱንም ጻፍኩ። ከአርባ ዓመት በኋላ ስልክ ላይ አንብባችሁ ሐኪም አትሁኑ። ግን እናቴ «ሳላስከትባት» እያለች ራሷን ስትወቅስ ኖራለች። የክትባት ፕሮግራሙ በአገራችን የተጀመረው በ1972 ነው። ኩፍኝ የሚከተበው በዘጠኝ ወር ነው፤ ሚሚ ዘጠኝ ወር የሞላት ሐምሌ 1971 ላይ ነው። ይህን ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ካመነችኝ አላውቅም። ያም ሆኖ ዘመኑን ማወቅ አንዳንዴ ለሕያው ሰው ነው የሚጠቅመው።

ፎቶ አንድ አለ። አክስቴ ስትሄድ ይዛው ሄዳለች። ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ እዚያ ጠይቁ፤ እዚህ የቀረው ፎቶ በጭስ፣ በአይጥና በቤት መቀያየር ያልቃል፣ የሄደው አልበም ውስጥ ይቀመጣል። ከድሮ ደብዳቤ ጋርም ይገኛል፤ «እህቴ ሆይ፣ ሴት ልጅ ተገላገልኩ» የሚል ደብዳቤ ከነፖስታው ማኅተም ካገኛችሁ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? አክስቴን የፎቶውን ጀርባም አንሥታ እንድትልክልኝ ለመንኳት። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፤ ቀን የለም። ፊቱ ላይ ግን ሚሚ ያለ ደጋፊ ተቀምጣለች፣ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ማተቡ ከክርስትና በኋላ መሆኑን ይነግረኛል። መቀመጧ ደግሞ ስድስት ሰባት ወር ማለፏን። ቀኝ እጇ ደብዝዟል፤ አንሺው ሲያነሣ አወዛውዛው ነው። እኔ እጇን ነው ቶሎ ቶሎ የማየው።

አልበም ላይ የተጣበቀ ፎቶ አትንቀሉ። እንዳለ በስልክ አንሡት፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ።

ዕድር ጋ ሂዱ። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። የዕድር መዝገብ ቀብር በወጣ ቁጥር የተከፈለ ገንዘብ ይጽፋል፤ በብዙ ዕድር ደግሞ ለሕፃን የሚከፈለው ከአዋቂ ያነሰ ስለሆነ ለይቶ ይጽፈዋል። ያኔ ጸሐፊ የነበሩት አባባ አሁን ዓይናቸው ደክሟል። መዝገቡን ልጃቸው አልጋ ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። ከሳቸው ጋር በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን እኔ እያነበብኩ፣ እሳቸው «እሱ ሟች ነው፣ እሱም ሟች ነው» እያሉ ገጽ ገለጥን። አገኘኋት። የአባቴ ስም፣ ቀጥሎ «ሕፃን»፣ ብር 20። ስሟ የለም። ቀኑ መጋቢት 29 ይላል። ደነገጥኩ፣ ሁሉ የፈረሰ መሰለኝ። አባባ ሳቁ። «ፋሲካ ለታ ማን ገንዘብ ይከፍላል? ሰኞ ነው የከፈልን» አሉ። መዝገብ ላይ ያለ ቀን የድርጊቱ ቀን ነው ወይስ የተጻፈበት ብላችሁ ሁሌ ጠይቁ።

ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ በቤት ስም አትጠይቁ። የክርስትና ስሙን ያዙ፣ ወለተ እገሌ ወይም ኃይለ እገሌ፤ መዝገብ ካለ የሚገኘው በሱ ነው። ስሙን ማንም ካላስታወሰ የክርስትና እናት ወይም አባት በሕይወት ካሉ እነሱን ጠይቁ፤ የነሱ ልጆችም ያውቁ ይሆናል። ሳይጠመቅ ያረፈ ሕፃን ግን እዚያ መዝገብ ላይ አይገኝም፣ አትድከሙ። ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ዐቂቃውን ጠይቁ፤ በሰባተኛው ቀን የሚደረግ ስለሆነ እሱም ወደ ልደት ቀን ይመልሳል። ቀኑ በሒጅራ ከተነገራችሁ ረመዳን በየዓመቱ እየቀደመ እንደሚመጣ አትርሱ።

ቀበሌን በአጭሩ። በደርግ ጊዜ የቤተሰብ ቁጥር በቀበሌ ይያዝ ነበር፣ ስኳርና ጤፍም በሰው ቁጥር ነበር የሚታደለው። የድሮው ቀበሌ ማኅደር ዛሬ የትኛው ወረዳ እንደገባ ማወቁ ራሱ አንድ ሥራ ነው። የኛ አልተገኘም። የቀበሌ ሱቅ ደብተር ያላችሁ ግን አትጣሉት፤ የቤተሰቡ ብዛት ከሦስት ወደ ሁለት የወረደበት ወር ብዙ ይናገራል።

በመጨረሻ ሁሉንም አንድ ወረቀት ላይ አሰፈርኩት። እያንዳንዱ መስመር ጎን ማን እንዳለው ወይም የቱ ወረቀት ላይ እንዳለ ጻፍኩ። ያልተፈታውንም «አልተፈታም» ብዬ ተውኩት። ሁለት ቅጂ አስወጥቼ አንዱን ለእናቴ ሰጠኋት። አላነበበችውም። አጥፋ ውዳሴ ማርያሟ ውስጥ ከተተችው።

አሁን የቀረው መቃብሩ ነው። ለሕፃን ድንጋይ ያኖረ አልነበረም። አክስቴ ከጽዱ ሥር፣ በግራ በኩል ነው ትላለች። ጽዱ አለ። በግራ በኩል ግን አዲስ አዳራሽ ተሠርቷል። አክስቴ ለጥምቀት ትመጣለች፣ ቦታው ላይ ቆሜ ልይ ብላለች። እናቴን ትሄጂያለሽ ወይ አልኳት። «ሚካኤል ሲገባ እንሂድ» አለች።